አላውቅም ያለው መጽሐፍ

ታቢታ የሀዋሳን ሐይቅ የምትወደው ጠዋት ብቻ ነበር። ጠዋት ውሃው ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይገላበጣል፤ ጀልባዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ እሷም አትረጋም። የደረደረችውን መጽሐፍ ታወርዳለች፤ አቧራ የሌለበትን ትወለውላለች፤ መልሳ ትደረድራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ይሏታል የመደብሩ ባለቤት እትዬ ሙሉጌጥ።

የመጻሕፍት መደብሩ ሐይቅ ዳር፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ነው። ታቢታ የተማረችው ቱሪዝም ነው። እንግዳ እየመራሁ አገር ላገር እዞራለሁ ብላ ነበር። አልሆነም። ሌላው ሰው የሚሄድበትን አገር በመጽሐፍ እየሸጠች ቀረች። እሷ ከአዲስ አበባ ወዲያ የረገጠችው መሬት የለም።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንድ ወጣት መጣ። ረጅም ነው። ያየውን ነገር ዓይኑ ቶሎ አይለቅም።

«እህቴ፣ የዛንዚባር መጽሐፍ አለ? ለጎብኚ የሚሆን፣ መንገድ የሚያሳይ።»

«ሦስት አለ።»

«የቱ ነው የሚታመነው?»

ሌላው ሰው ዋጋ ይጠይቃል፤ ሥዕል ያያል። ይህንን የጠየቃት አልነበረም።

«አላውቅም» አለች። «ዛንዚባርን አላየሁትም።»

«ሻጭ ሆነሽ አላውቅም ትያለሽ?»

«ሌላው ሻጭ ምን ይላል?»

«ሁሉም ጥሩ ነው ይላል።»

«እንግዲያው እዚያ ሂዳ!»

እትዬ ሙሉጌጥ ከጀርባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወጣቱ ግን አልሄደም። አንዱን መጽሐፍ አነሣና ወደ ኋላ ለጥጦ ጀርባውን መረመረ። ጠረዙን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገ።

«ልትቀደው ነው?»

«ስፌቱን እያየሁ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ሸሚዝ እየገለበጥኩ ነው የምውለው። የሸሚዝ ውሸት ያለው ከውስጥ በኩል ነው።»

ታቢታ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። መጻሕፍቱ ሦስቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ናቸው። ዛንዚባር አለበት፤ ሀዋሳም አለችበት።

«የመጽሐፍም እንደዚያ ነው» አለች። «ስለማናውቀው አገር ከማመናችን በፊት፣ ስለምናውቀው ምን እንደሚል እንይ። ሀዋሳ ላይ የዋሸ ዛንዚባር ላይ አይምርህም።»

«እኔ ሀዋሳ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም።»

«እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«ክብሩ እባላለሁ» አለ ወጣቱ፤ ፈተናውን መቀበሉ ነበር።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት መጻሕፍቱን ይዘው ወጡ። እትዬ ሙሉጌጥ፣ «ሦስቱም ተቆጥረው ይመለሱ፤ አራተኛዋም እንዲሁ» ብለው ሸኟቸው።

አንደኛው መጽሐፍ ሽፋኑ የነተበ፣ የቆየ ነው። ሀዋሳ የሳይክል ከተማ ናት ይላል። ክብሩ ይህን እያነበበ መንገድ ሲሻገር ባጃጅ ሊገጨው ለጥቂት ሳተው።

«ሳይክሉ የታለ?»

«ነበር። አባቴ በሳይክል ነበር እናቴን ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልሳት። መጽሐፉ አልዋሸም፤ አርጅቶ ነው።»

ያንን ተዉት። ሁለት ቀሩ። አንደኛው ወፍራም ነው፤ የሚያብለጨልጭ ሽፋኑ ላይ ዘንባባ አለ። ሌላው ግራጫ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ሥዕሉ ጥቂት።

አሞራ ገደል ወርደው ዓሣው ገበያ ቆሙ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ስለ ወፎቹም ስለ ዓሣው ሾርባም ትክክል ብለዋል። ታቢታ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘች። ክብሩ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«አትበላም?»

«ሁዳዴ ነው።»

«ዓሣም?»

«እኛ ቤት ዓሣም።»

እጇን ከሳህኑ መለሰች።

«ብዪ እንጂ! ጾሙ የኔ ነው።»

«አንተ እያየኸኝ አይወርድልኝም» አለች። ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። እሱም ወደ ውሃው ዞረ። ዓሣው እንዳለ ቀዘቀዘ።

እሑድ ከሰዓት ታቦር ተራራ ወጡ። መጻሕፍቱ ስለ ዳገቱም ስለ ላዩም እውነት ተናግረዋል። ከላይ ሲታይ ከተማው በአንድ ወገን፣ ሐይቁ በሌላው ነው። ነፋሱ የመጽሐፉን ገጽ ይገልጥባቸዋል።

«አንቺ ብትሆኚ የት ትሄጂ ነበር?» አላት።

«ዳሩ የማይታይ ውሃ ማየት ነው የምፈልገው። የኛ ሐይቅ ከየትም ቆመህ ብታየው ማዶው ይታያል። ማዶው ሲታይ እዚያ ብሆን ትላለህ። አታርፍም።»

ክብሩ ሊናገር አፉን ከፈተ። ተወው። ታቢታ ዓይኑን አየች፤ አንድ ነገር ሲመለስ አየች። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ።

«አንድ ፈተና ቀርቷል» አለችው ሲወርዱ። «ፊቼ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ። ስለሱ ምን እንዳሉ አይቼ እነግርሃለሁ።»

«አንቺ ያልሽው ይሆናል» አለ ክብሩ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሐይቁ ሳይነሣ፣ ታቢታ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ከፈተች። ባለ ዘንባባው ፊቼ በየዓመቱ በመጋቢት የመጨረሻ ቅዳሜ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ይከበራል ይላል። ግራጫው እንዲህ ይላል፦ «ቀኑን አስቀድመን ልንነግርዎ አንችልም። ከዋክብትን የሚያዩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሲያውጁት ነው የሚታወቀው። እዚያ ሲደርሱ ሰው ይጠይቁ።»

ሌላ ማየት አላስፈለጋትም። ቢሆንም የዛንዚባሩንም ገለጠች። ባለ ዘንባባው፣ ዓመት እስከ ዓመት ፀሐይ ነው አለ። ግራጫው፣ በሚያዝያና በግንቦት ከባድ ዝናብ ስለሚጥል በሰኔ ይሂዱ አለ።

ግራጫውን በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችለት። ከቀትር በኋላ ክብሩ መጣ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር፤ ከጉዞ ወኪል ጋር ያወራል። በዓይኑ ሰላም አላትና በሩ ላይ ቆመ።

«ለሁለት ሰው... አዎ። ባሕሩ ከአልጋ ላይ ሆኖ መታየት አለበት። ከፋሲካ በኋላ... አዎ፣ ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው።»

እትዬ ሙሉጌጥ ወደ ታቢታ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ጫጉላ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ባሕር የሚያይ ሙሽራ ነው እንጂ ማን ነው? እኔ ገና ሲገባ አውቄዋለሁ።»

የታቢታ ጆሮ ጋለ። ዳገት የወጣችው፣ ዓሣዋን ያቀዘቀዘችው ለሌላ ሴት ጫጉላ መንገድ ልትጠርግ ነበር።

«እሺ» አለ ክብሩ ስልኩን ዘግቶ። «ፈተናውን ማን አለፈ?»

እጇ ወደ ተጠቀለለው ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። ከመደርደሪያው ባለ ዘንባባውን አወረደች።

«ይሄ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ያልሽው ይሆናል አላልክም?»

ክብሩ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ደስ አለው። «ፊቼም የፊታችን ቅዳሜ ነው። ጥሩ ሆነ። ከደብረ ማርቆስ እንግዳ ይመጣብኛል። አብረን ጉዱማሌ እንሄዳለን።»

ሙሽራዋ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ አለች ታቢታ በልቧ። ይዝነብባቸው። ከአልጋቸው ላይ ሆነው ዝናቡን ይዩት።

ክብሩ አመስግኗት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ታቢታን እህል አልጣማትም። የተናገረችው ሁሉ ያስቆጣት ጀመር። ለገዢ «ይሄ ጥሩ ነው» ስትል ድምጿ ራሷን ያሳፍራታል። አባቷ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ለማስታረቅ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠሩት ሀላሌን ነው፣ እውነትን። እሷ ከእግራቸው ሥር ሆና ይህንን እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን እራት ላይ ከአባቷ ዓይን ትሸሻለች። የተጠቀለለው ግራጫ መጽሐፍ ጠረጴዛው ሥር አለ። ባነሣችው ቁጥር መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ምን ነክቶሻል?» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

«ምንም።»

«ምንም የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም።»

ቅዳሜ ጠዋት ጥቅሉን ብብቷ ውስጥ አድርጋ በባጃጅ ወደ ጉዱማሌ ሄደች። ሙሽራዋን ማየት አልፈለገችም። ግን ከማየት የከፋ ነገር መኖሩን በዚያ ሳምንት ተምራለች።

ጉዱማሌ ባዶ ነበር። ሣሩ ሰፊ፣ ዛፎቹ ዝም ያሉ። ጥቂት ፍየሎች ይግጣሉ። በመሐል ሜዳው ላይ ክብሩ ቆሟል። አጠገቡ ሙሽራ የለችም። ኮት ላይ ነጠላ ያጣፉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አሉ። ባለ ዘንባባውን መጽሐፍ ገልጠው ጣታቸውን ገጹ መሐል አስገብተዋል።

ታቢታ ጥቅሉን በብብቷ ጠበቅ አደረገች። መመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም።

«ባለ መጽሐፏ ይቺ ናት?» አሉ ሽማግሌው።

«እሷ ናት፣ አባባ» አለ ክብሩ። ወደ ታቢታ አላየም።

«አንቺ ልጅ፣ በዓሉ የት ገባ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

«መቼ ነው?»

«አላውቅም። አያንቱዎች ናቸው የሚያውቁት። ከዋክብቱንና ጨረቃዋን አይተው ሲናገሩ ይታወጃል። ከዚያ በፊት የሚያውቅ የለም።»

«ይሄ መጽሐፍ አትሞታል እኮ!» አሉ ገጹን በጣታቸው እየመቱ።

«እሱ ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑን ያወቅሽው ዛሬ ነው ወይስ ስትሸጪለት?»

ተሳሳትኩ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ክብሩ አሁን ቀና ብሎ ያያት ነበር፤ ያ ቶሎ የማይለቅ ዓይኑ።

«ስሸጥለት አውቅ ነበር» አለች።

«ለምን?»

«ሙሽራዋን ይዞ ሊሄድ መስሎኝ ነው። ዝናብ ይዝነብባቸው ብዬ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ታቢታን አዩ። ከዘራቸው ተነቀነቀ፤ ትከሻቸው ተከተለ።

«ሙሽራዋ እኔ ነኛ!» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ!»

ክብሩ አልሳቀም። «ፋብሪካው ውስጥ ስንት የሲዳማ ልጅ አለ፣ ታቢታ። አንዱን ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። አንቺ የሰጠሽኝ ስለሆነ ማንንም አልጠየቅኩም።»

ከዚህ በላይ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሽማግሌው ካሳሁን ይባላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ስልክ የሚለውን አያምኑም፤ መጽሐፍ የሌለው አገር አልሄድም ብለው ልጃቸውን ያስቸገሩት እሳቸው ናቸው። ሳልሄድ ብቀር መሳቂያ እሆናለሁና ለማንም እንዳትናገር ብለው ያስማሉትም እሳቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውቅያኖስ በሰማያዊ ጠመኔ ስስል ኖርኩ» አሉ፤ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። «መምህር፣ አይተውታል ወይ ያለኝ ተማሪ የለም። ቢለኝ ምን እመልስ ነበር? አሁን ደግሞ በውሸት መጽሐፍ ሄጄ ልይ? ይቅርብኝ። ክብሩ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቁረጥልኝ።»

«አባባ...»

«በቃ አልኩህ! እዚህ እፊታችን ያለውን ሜዳ ያላወቀ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ምን ያውቃል?»

ታቢታ ጥቅሉን ፈታች። ግራጫውን መጽሐፍ ሁለቱም ቦታ ላይ ምልክት አድርጋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወጡ። ቆመው አነበቡ። የሐዋርያው መልእክት እንደሚነበብ በዝግታ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። የፊቼውን አነበቡ። የዝናቡን አነበቡ። ወደ ፊቼው ተመለሱ።

«ልንነግርዎ አንችልም ይላል» አሉ። «አሳትሞ ሲያበቃ፣ ሸጦ ሲያበቃ፣ አላውቅም ይላል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ተማሪ ፊት አንድ ቀን እንኳ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ምላሴ እምቢ ይለኛል።»

ፍየሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ነበር።

«ያንን ለነዚህ ስጥልኝ» አሉ ባለ ዘንባባውን ለልጃቸው እየሰጡ። «በሰኔ እንሄዳለን። ግን በዓሉን ሳላይ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አልልም። አንቺ፣ ሲታወጅ ንገሪኝ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች።

ክብሩ አባቱን ደግፎ ሄደ። ወደ ኋላ ዞር አላለም። ታቢታ ሣሩ ላይ ቆማ ቀረች። መጽሐፉ ጸድቷል፤ እሷ ግን አልጸዳችም።

ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ክብሩ መደብሩ በር ላይ አልታየም። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ታቢታ ብድግ ትላለች። እትዬ ሙሉጌጥ ስለ ወንበሩ እሾህ መቀለድ ተዉ፤ አንድ ቀን ብቻ፣ «አፌን ቢቆርጠው ምናለ» አሉ።

ከዚያ አያንቱዎች ቀኑን ተናገሩ። ታቢታ አባቷ ሲነግሯት ለክብሩ ደወለች።

«ታወጀ» አለች።

«እሺ» አለ ክብሩ። ዘጋ።

በጫምባላላ፣ ፊቼ በአደባባይ በሚከበርበት ዕለት፣ ጉዱማሌ መሬቱ አይታይም ነበር። ሽማግሌዎቹ በዘንጋቸው፣ ወጣቱ በጭፈራው ሜዳውን ሞልቶታል። «አይዴ ጫምባላላ!» ይባባላል ያገኘው ሁሉ። መምህር ካሳሁን በታቢታ አባት አጠገብ ቆመዋል። አንዱ የሌላውን አገር ክረምት ይጠይቃል።

ክብሩ ሰው እየገፋ መጣና ከታቢታ ጎን ቆመ። ሁለቱም ጭፈራውን አዩ።

«እኛ ዘንድ ተጣልቶ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው» አለች በመጨረሻ።

«እኔ አልተጣላሁም።»

«ታዲያ የት ጠፋህ?»

«ስፌቱን እያየሁ ነበር።»

«አገኘህ ውሸቱን?»

«እሱን አንቺው ነሽ ገልብጠሽ ያሳየሽኝ። ተሳሳትኩ ብትይ አምንሽ ነበር። ሳስበው የከረምኩት እሱን ነው።» ትንሽ ቆየ። «ሙሽራ ቢሆንስ ኖሮ ምን ቸገረሽ?»

ታቢታ ፊቷ ጋለ። ጭፈራው ሲያልፍ ሕዝቡ ገፋቸውና ትከሻቸው ተነካካ። አንዳቸውም አልተላቀቁም።

በሰኔ አባትና ልጅ ሄዱ። «ፎቶ አትላክልኝ» ብላው ነበር። አልላከም። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እትዬ ሙሉጌጥ ያውቃሉ፤ መደብሩ እንደዚያ ተወልውሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ እንደተነሣ፣ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ክብሩ ገባ። ፀሐይ አጥቁሮታል።

«እህቴ፣ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር።»

«ለየትኛው አገር?»

«ዳሩ ለማይታይ ውሃ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት።»

ባለፈው ያልጠየቀችውን አሁን ጠየቀች። «ማን እና ማን?»

«አንዱ እኔ ነኝ። ሌላዋ እሺ ትበል አትበል አላውቅም።»

እትዬ ሙሉጌጥ ምክንያት ፈጥረው ወደ ጓዳ ገቡ። ታቢታ እጇ መጽሐፍ ፈለገ፤ አላገኘም። ክብሩ እጇን ያዘው።

«እሺ ትላለች» አለች። «አንተ ግን ሁዳዴ ትጾማለህ፤ እኛ ጴንጤ ነን። ቤትህ ምን ይላል? ቤቴስ?»

«እሱን አባቴን ጠይቂው። ባጃጁ ውስጥ ነው።»

መምህር ካሳሁን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀምጠዋል።

«ባሕሩ እንዴት ነበር፣ አባባ?»

«ጨው ነው» አሉ። «እውነት ነበር ያስተማርኩት።» ቀጠሉ። «ወደ አባትሽ ቤት እየሄድኩ ነው። ሌላ ሽማግሌ አልያዝኩም፤ ጠባያቸውን ጉዱማሌ ላይ አይቼዋለሁ።»

«የሁለታችን ሃይማኖትስ?» አለች ታቢታ። «እንዴት ይሆናል?»

የሽማግሌው መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። ክብሩ አባቱን አያቸው፤ እንዲህ ሲቸገሩ አይቶ አያውቅም።

«አላውቅም» አሉ።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ቀለላቸው። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ቤቱንም አላውቀውም» አሉ። «ግቢና ምሪን።»

ታቢታ ገባች። ክብሩ ከጎኗ ተቀመጠ። ሐይቁ ከኋላቸው ይገላበጣል። እሷ ወደ ባጃጁ ሹፌር አጎነበሰችና መንገዱን ትነግረው ጀመር።